ማዘጋጃ ቤትና የከተማ ቢሮዎችን ወደ መሀል ጅማ ማዛወር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የከተማው ቢሮዎች ወደ መሀል ይዛወሩ የሚለው ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ከባለጉዳይ፣ ከሠራተኛና ከነጋዴ የሚመጡት ጥያቄዎች እዚህ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተቀምጠዋል።

ቢሮ ተዛወረ ሲባል የሚዛወረው ምንድን ነው?

ለብዙ ሰው የሚታየው ጠረጴዛና ወንበር ነው። እነሱ አይሱዙ ላይ ተጭነው በሁለትና በሦስት ቀን ይደርሳሉ። ከባዱ ሌላው ነው፤ መዝገብ ቤቱ፣ የይዞታ ማኅደሮቹ፣ የገንዘብ መቀበያው፣ የኮምፒውተር መስመሩ፣ ማኅተሙ፣ የንብረት ክፍሉ ወረቀት። ከእነዚህ አንዱ ሳይደርስ መስኮት ከተከፈተ ከጂሬን ወይም ከበቾ ቦሬ የመጣ ሰው «ሰኞ ተመለስ» ይባላል።

ስለዚህ ዝውውሩ አለቀ የሚባለው አንድ ባለጉዳይ ጠዋት ገብቶ፣ ማኅደሩ ወጥቶለት፣ ከፍሎና ደረሰኝ ይዞ ሲወጣ ነው። ሰሌዳ መስቀልና ሪባን መቁረጥ ከዚያ በኋላ ቢመጣ ማንም አይጎዳም።

ዳር ላይ ሰፊ ቦታ እያለ ለምን መሀል ከተማ?

ዳር ያለ ቢሮ ለመንግሥት ይረክሳል፣ ለባለጉዳይ ይወደዳል። የአዲስ አበባ፣ የአጋሮና በደሌ፣ የቦንጋ እንዲሁም የዴዶ መንገዶች የሚገናኙት ጅማ መሀል ነው። ከየትም የመጣ ሰው መጀመሪያ መርካቶ ወይም አጂፕ አካባቢ ይወርዳል። ቢሮው ከዚያ ውጭ ከሆነ ሁለተኛ ባጃጅ፣ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ባጃጅ ያስፈልገዋል። አንድ ወረቀት ጎድሎት ሲመለስ ያ ወጪ እጥፍ ይሆናል።

ሐሙስም አለ። የሄርማታ የሐሙስ ገበያ ከጥንት ጀምሮ የአካባቢውን ሕዝብ ወደ አንድ ቦታ ሲሰበስብ የኖረ ገበያ ነው። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጂሬን ኮረብታ ላይ በነበረበት ዘመንም ገበያው የቆመው ታች ሄርማታ ነበር። ከገጠር የሚመጣ ሰው ገበያውንና የቢሮ ጉዳዩን በአንድ ቀን መጨረስ ይፈልጋል። መሀል ከተማን ለመምረጥ ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት የለም ብለን እናምናለን።

የዞኑ መሥሪያ ቤቶችም አብረው ይዛወራሉ?

አይዛወሩም። ጅማ ከተማ አስተዳደርና የጅማ ዞን አስተዳደር ሁለት የተለያዩ አካላት ናቸው፤ መቀመጫቸው አንድ ከተማ ስለሆነ ብቻ ይምታታሉ። የከተማው ምክር ቤት ያጸደቀው በጀት የዞኑን ቢሮ አያንቀሳቅስም። እንደ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ያሉት የፌዴራል ቅርንጫፎችም የሚሰሙት የራሳቸውን ዋና መሥሪያ ቤት ነው።

ስለዚህ ከመንገድዎ በፊት ወረቀትዎ ላይ ያለውን ማኅተም ይመልከቱ። «ዞን» የሚል ከሆነ የከተማው ዝውውር እርስዎን አይመለከትም።

የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶችስ?

ቀበሌ ባለበት መቆየት አለበት። ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገቡት፣ የነዋሪነት ጉዳይ የሚያልቀው እዚያ ነው። ቀበሌን ወደ መሀል መሳብ ከዝውውሩ ዓላማ ጋር ይጋጫል።

ሁሉም የከተማ ቢሮ መሀል መግባት አለበት?

የለበትም። መለኪያው ቀላል ነው፤ በቀን ስንት ባለጉዳይ በእግሩ ይመጣል? ገቢዎች፣ ንግድ፣ የመሬት አገልግሎት፣ የግንባታ ፈቃድ፣ አቤቱታ ሰሚና መዝገብ ቤት በብዙ ሕዝብ የሚፈለጉ ስለሆኑ ተቀራርበው መሀል ይቀመጡ። ከእነዚህ ውስጥ በተለይ መሬትና ገቢዎች መለያየት የለባቸውም፤ ግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የግብር ማረጋገጫ፣ ስም የሚያዛውር ሰው የክፍያ ደረሰኝ ይዞ በሁለቱ መካከል ይመላለሳልና። በአንድ ማዕከል አገልግሎት የመስጠት አሠራርም የሚሳካው እነዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ ነው።

የተሽከርካሪ ማቆሚያና ጥገና፣ ንብረት መጋዘን፣ የጽዳት መኪናዎችና የመንገድ ሥራ ማሽኖች ግን ዳር ይሁኑ። እሳት አደጋ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። የገበያ ቀን መርካቶ ውስጥ ተዘግቶ የቆመ የእሳት አደጋ መኪና ለማንም አይደርስም፤ መውጫው ሰፊና ክፍት በሆነ መንገድ ላይ መቀመጥ ይኖርበታል።

ለመዛወር የትኛው ወር ይሻላል?

ጥር እና የካቲት። ምክንያቱ የቀን መቁጠሪያው ውስጥ አለ። ሐምሌ አንድ አዲሱ የበጀት ዓመት ይጀምራል፣ የግብር ወቅትም ይከፈታል። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሰልፉ ይረዝማል። ሰኔ ደግሞ የሒሳብ መዝጊያ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰከን የሚለው ጊዜ ከጥር ይጀምራል።

የጅማ ዝናብም ያንኑ ይላል። እዚህ ዝናቡ ረጅም ነው፤ ከመጋቢት ግድም ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ወረቀት በካርቶን ተጭኖ በክረምት መንገድ ላይ ማለፍ የለበትም። ከሳምንቱ ቀናት ሐሙስን ለገበያው ይተዉት፤ አርብም ከ5፡30 እስከ 7፡30 የጁምዓ ሰዓት ስለሆነ በመስጊዶች ዙሪያ መንገዱ ይሞላል። ጭነቱን ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ማድረግ ከሁሉም ይቀላል።

ካርታዬን፣ የግንባታ ፈቃዴን ወይም ደብዳቤዬን በአዲስ አድራሻ መቀየር አለብኝ?

የለብዎትም። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ የሚጸናው በሰጪው አካል ሥልጣን፣ በቁጥሩና በማኅተሙ ነው፤ ሰጪው በየትኛው ሕንፃ እንደተቀመጠ አይለውጠውም። የመሥሪያ ቤቱ ስም እስካልተቀየረ ድረስ ማኅተሙና ቲተሩም እንዳሉ ይቀጥላሉ።

በዝውውር ሰሞን «ካርታ በአዲሱ ቢሮ ስም እናሳድስልዎ» የሚል ደላላ መምጣቱ አይቀርም። እንዲህ ያለ ክፍያ የለም። ዋናውን ካርታ ለማንም አይስጡ፤ ቢሮው ዋናውን ማየት ከፈለገ መስኮት ላይ አሳይተው ኮፒውን ትተው ይምጡ።

ቢሮው ተዘግቶ ሳለ የጊዜ ገደብ ቢያልፍብኝስ?

መጀመሪያ ገደቡ የየትኛው ቢሮ እንደሆነ ይለዩ። ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻና ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው፤ ይህ ግን ቀበሌ ላይ ስለሚያልቅ ዝውውሩ አይነካውም። አቤቱታ፣ ይግባኝና የክፍያ ቀን ግን ይነካል።

ቢሮው ተዘግቶ ካገኙት ማመልከቻዎን በቀኑ ጽፈው ለጊዜያዊው መዝገብ ቤት ያስገቡና በእርስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስመቱ። ያ ምት ከሌለ «መጥቼ ነበር» ማለት አይረዳም። ከአስተዳደሩ በኩል ደግሞ የመዝገብ ቤት ገቢ መስኮት አንድም ቀን መዘጋት የለበትም። ሌላው ሁሉ ቢታሸግ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የገቢ መዝገብና አንድ ማኅተም ያለው ሠራተኛ መቀመጥ ይችላል። ክፍያም በባንክ ወይም በቴሌብር እንዲቀጥል ቀደም ብሎ ማመቻቸት ነው።

የማዛወሩን ውሳኔ የሚሰጠው ማነው?

ከንቲባውና ካቢኔው ሐሳቡን ያቀርባሉ፤ ገንዘቡን የሚያጸድቀው የከተማው ምክር ቤት ነው። አዲስ ግንባታ ከሆነ መሬቱ በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በመንግሥት በጀት ለሚተዳደር መሥሪያ ቤት በምደባ ሊሰጥ ይችላል፤ ጨረታ አያስፈልገውም፣ የካቢኔ ውሳኔ ግን ያስፈልገዋል። ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑ ለሌላ አገልግሎት የተመደበ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ፕላኑ በሥርዓቱ መሻሻል ይኖርበታል። በከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 መሠረት ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው ሐሳብ የሚሰጥበት መድረክ አለ። ስለ ቦታው ቅሬታ ያለው ሰው እዚያ መናገር አለበት፤ መሠረት ከተቆፈረ በኋላ የሚነሣ ተቃውሞ ሰሚ አያገኝም።

ማኅደሬ በመንገድ እንዳይጠፋ ምን መደረግ አለበት?

ይህ የሁሉም ጥያቄ ነው፤ ትክክለኛም ሥጋት ነው። ማኅደር ግን በአብዛኛው የሚጠፋው መኪና ላይ አይደለም። ከመጫኑ በፊት ቦታው ላይ ያልነበረ ነው የሚጠፋው። በባለሙያ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ፣ ለፍርድ ቤት ተልኮ ያልተመለሰ፣ ከሌላ ማኅደር ጋር ተደርቦ የታሰረ፣ ወይም በአሮጌ የቀበሌ ቁጥር የተመዘገበ። ድሮ በቁጥር ይጠሩ የነበሩ ቀበሌዎች ተዋህደው እንደ ሄርማታ መርካቶና ሄርማታ መንቲና ያሉ ስሞች ሲይዙ አንዳንዱ ማኅደር በአሮጌው፣ አንዳንዱ በአዲሱ መጠሪያ ቀርቷል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ጭነቱ ከመድረሱ ቢያንስ ሦስት ወር ቀድሞ ነው። መደርደሪያ በመደርደሪያ ይቆጠራል፣ ከቦታው የጎደለው ሁሉ በማን እጅ እንዳለ ይጻፋል፣ በየቢሮው ያለው ተሰብስቦ ይመለሳል። ማኅደሩ በወጣበት ቦታ ላይ የማኅደሩን ቁጥር፣ የወሰደውን ሰው ስምና ቀኑን የያዘ ካርድ ይገባል።

ከዚያ መጠኑ ይሰላል። አንድ ሜትር መደርደሪያ ላይ የቆመ ማኅደር 45 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ሰው ያለ ጉዳት ደጋግሞ የሚያነሣው ካርቶን ከ17 ኪሎ ባይበልጥ ጥሩ ስለሆነ ለአንድ ሜትር ሦስት ካርቶን ግድም ይጠይቃል። ለምሳሌ 1,000 ሜትር መደርደሪያ ያለው ክፍል 45 ቶን ወረቀት አለው ማለት ነው፤ ወደ 3,000 ካርቶን፣ በአራት ቶን አይሱዙ ደግሞ 12 ምልልስ። ካርቶኑ ላይ በሁለት ጎን ተከታታይ ቁጥር፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ማኅደር ቁጥር፣ በአዲሱ ክፍል የሚቀመጥበት መደርደሪያ ይጻፋል። በካርቶኑ ክዳን ላይ ብቻ መጻፍ ስህተት ነው፤ ሲደራረብ ጽሑፉ አይታይም።

በሚጫንበት ቀን ዝርዝሩ በሦስት ቅጂ ይሠራል፤ አንዱ ከአስረካቢው፣ አንዱ ከመኪናው ጋር ከሚሄደው ሠራተኛ፣ አንዱ ከተረካቢው ዘንድ ይቀራል። ካርቶኑ ቁጥር ባለው ማሸጊያ ይታሸጋል፣ ተረካቢው ማሸጊያው ሳይነካ መድረሱን አይቶ ይፈርማል። መኪናው መንገድ ላይ አይቆምም፣ ሌሊት ተጭኖ አያድርም። በመጨረሻ የሚታሸገው በብዛት የሚፈለገው ማኅደር ነው፤ በአዲሱ ቢሮም መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው። ስካን ለማድረግ ዕድል ካለ ከሁሉ በፊት የይዞታ ካርታውና የቦታ ፕላኑ ስካን ይደረጉ፤ ሙሉ ማኅደሩን ስካን እናደርጋለን ብሎ ዝውውሩን ዓመት ማዘግየት ግን ተገቢ አይመስለንም።

ወረቀት ቢረጥብ ይድናል?

በ48 ሰዓት ውስጥ ከደረሱበት አብዛኛው ይድናል። ከዚያ ሲያልፍ ሻጋታ ይጀምራል፣ የጅማ እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። የረጠበውን ከደረቀው ይለዩ፣ በጥላ ሥር ንፋስ በሚገባበት ክፍል ዘርግተው በማራገቢያ ያድርቁ። ፀሐይ ላይ አያስጡ፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ወረቀቱ ይጠማዘዛል። የተጣበቁ ገጾችን በኃይል አይለያዩ። ላስቲክ ለመኪናው ጉዞ ብቻ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ለወራት በላስቲክ የተሸፈነ ማኅደር ውስጡን ያልበዋል።

በአዲሱ ክፍል የታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ከግድግዳው ደግሞ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ያ ክፍተት ከውሃም ከምስጥም ይጠብቃል።

ሕንፃ መከራየት ይሻላል ወይስ መሥራት?

ኪራይ ፈጥኖ ያስገባል፣ ግን መሀል ከተማ ያለው አብዛኛው ፎቅ ለሱቅና ለተራ ቢሮ የተነደፈ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት የወለል ጭነት ነው። ለቢሮ የተነደፈ ወለል በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ኪሎ ግራም ይታሰብለታል፤ ለማከማቻ የሚነደፍ ግን 750 ኪሎ ግራም ያህል። ባለስድስት ደረጃ፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መደርደሪያ ሲሞላ ከብረቱ ጋር 300 ኪሎ ይሆናል፤ ያረፈበት ግን 0.4 ካሬ ሜትር ላይ ነው። የመተላለፊያውን ቦታ ጨምረን ብናሰላ እንኳን በካሬ ሜትር 375 ኪሎ ይደርሳል። እንዲህ ያለ መዝገብ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተደርድሮ ወለሉ ቢጎብጥ፣ ግድግዳው ቢሰነጠቅ ሊያስገርም አይገባም። የሕንፃውን ስትራክቸር ስሌት ያዩ መሐንዲስ ካልፈቀዱ በቀር መዝገብ ቤት ምድር ላይ ይሁን።

ምድር ላይም ቢሆን ቦታው መመረጥ አለበት። አዌቱ ወንዝ በከተማው መሀል ያልፋል፣ ዝቅ ባሉት ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው፤ ቤዝመንት ውስጥ ማኅደር ማስቀመጥ አይታሰብም። በብዙ የጅማ ሰፈሮች ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። አዲስ የሚሠራ ከሆነ የአፈር ምርመራ ሳይሠራ መሠረት መቆፈር የለበትም። በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በምድብ «ሐ» የሚወድቅ ስለሆነ የአርክቴክት፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ዲዛይን በየባለሙያው ተሟልቶ መቅረብ አለበት።

ኪራይ ከተመረጠ ውሉ ቢያንስ የሦስት ዓመት ይሁን፤ ከማለቁ ስንት ወር ቀድሞ ማስታወቂያ እንደሚሰጥ፣ የጄኔሬተርና የውሃ ታንከር ወጪ የማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። በየዓመቱ የሚዛወር ማዘጋጃ ቤት በየዓመቱ ማኅደር ይጥላል።

የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎችን ለቢሮ መጠቀም አይቻልም?

ይቻላል፤ ፈረንጅ አራዳ አካባቢና መሀል ከተማው ላይ ያሉትን ባዶ ትቶ ከማፍረስ በሥራ ማቆየት የተሻለ መንገድ ነው። ሰው የገባበት ቤት ጣሪያው ይጠገናል፣ አሸንዳው ይጸዳል። ነገር ግን በቅርስነት የተያዘ ሕንፃ ላይ በቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መጨመርም ማፍረስም አይቻልም።

ለሕዝብ መቀበያ፣ ለስብሰባና ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት ይስማማሉ። ለመዝገብ ቤት ግን የእንጨት ወለል ያለውን አይምረጡ። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የዋይፋይ ሞገድ ስለማያሳልፍ ለየክፍሉ ገመድ መዘርጋት ይኖርበታል፤ ገመዱ ግድግዳ ሳይቦረቦር በላዩ ላይ በመሸፈኛ ቱቦ ይሂድ።

መስኮትና መቆያ ስንት ያስፈልጋል?

በግምት አይወሰንም፤ ይቆጠራል። በአሮጌው ቢሮ ለሁለት ሳምንት ሙሉ በየሰዓቱ የሚገባውን ሰው ይቁጠሩ፣ አንዱ ሳምንት ሐሙስ ገበያው የደራበት ይሁን። ምሳሌ እንስጥ፤ በቀን 300 ባለጉዳይ ቢመጣና አንድ ሦስተኛው ከ2፡30 እስከ 4፡00 ቢደርስ በአንድ ሰዓት ተኩል 100 ሰው ነው። አንድ ጉዳይ 12 ደቂቃ ከፈጀ ስድስት መስኮት በዚያ ጊዜ 45 ሰው ያስተናግዳል፣ 55 ሰው ይጠብቃል። ለአንድ ሰው 1.2 ካሬ ሜትር ብናስብ 66 ካሬ ሜትር መቆያ ያስፈልጋል።

አሁን በር ላይ ወረቀቱን አይቶ የጎደለውን የሚነግር አንድ ሠራተኛ ቢቀመጥና የመስኮቱ ጊዜ ወደ 8 ደቂቃ ቢወርድ፣ ያው ስድስት መስኮት 67 ሰው ይጨርሳል፤ የሚጠብቀው 33 ይሆናል፣ መቆያውም 40 ካሬ ሜትር ይበቃዋል። አንድ ሠራተኛ በር ላይ መመደብ 26 ካሬ ሜትር የመሀል ከተማ ቦታ አተረፈ። አዳራሽ ከማስፋት በፊት ይህን ማድረግ ነው። ያ ሠራተኛ አፋን ኦሮሞና አማርኛ አጥርቶ የሚናገር ይሁን፤ በር ላይ ያለው ምልክትም በሁለቱም ይጻፍ።

መሀል ከተማው አሁንም የተጨናነቀ ነው፤ ባጃጁ የት ይቆማል?

ከመግቢያው ፊት ለፊት መቆም የለበትም። ወደ ጎን ባለው መንገድ ላይ 20 ሜትር ማውረጃ ቢከለል በአንድ ጊዜ ስድስት ባጃጅ ያስተናግዳል፤ አውርዶ መሄድ እንጂ ቆሞ ተራ መጠበቅ ክልክል ይሁን። ችግሩን የሚያባብሱት ብዙ ጊዜ የቢሮው የራሱ መኪናዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ቆመው ይውላሉ፣ ባለጉዳዩ መንገድ ላይ ይሰለፋል። የሥራ መኪና ዳር ባለው ማቆሚያ ይዋል፣ ሲፈለግ ይጠራ።

በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰውስ?

የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚሆን መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው ያስገድዳል። ራምፑ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ የሚሠራው ተዳፋት መግቢያ፣ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ ከዚያ ካጠረ ሰው ሊገፋው አይችልም፣ በዝናብ ደግሞ ያንሸራትታል። ወለሉ ሻካራ ይሁን፣ በሩ 90 ሴንቲ ሜትር ይክፈት። ሊፍት የሌለው የኪራይ ሕንፃ ከሆነ ሕዝብ የሚያገለግሉ መስኮቶች ሁሉ ምድር ላይ ይሁኑ፤ የውስጥ ሥራ ፎቅ ይውጣ። «ሠራተኛ ወርዶ ያናግራቸዋል» የሚለው መፍትሔ በተግባር አይሠራም፣ ሰውን በር ላይ ሰዓታት ያስቆማል።

ኮምፒውተሩና መብራቱ በመጀመሪያው ቀን ለምን እምቢ ይላል?

የፋይበር መስመርና ባለሦስት ፌዝ ቆጣሪ ዘግይተው ስለሚጠየቁ ነው። ሁለቱም ማመልከቻዎች የሕንፃው ውል በተፈረመበት ሳምንት ይግቡ። አሮጌውና አዲሱ መስመር ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጎን ለጎን ይሥሩ፤ ሰርቨሩ ከመነቀሉ በፊት መረጃው በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ይገልበጥ፣ ቅጂው ተከፍቶ መሥራቱም ይፈተሽ። ያልተከፈተ ቅጂ ቅጂ አይባልም። ዲስኮቹ ከሰርቨሩ ጋር በአንድ መኪና አይሂዱ።

ንብረቱ እንዴት ይመዘገባል?

ወንበርና ኮምፒውተር ከአንዱ ተጠቃሚ ወደ ሌላው ሲያልፍ በንብረት ወጪ ሞዴል 22 ይፈረማል፣ ወደ መጋዘን የተመለሰው በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። ዝውውር የተሰበረና አገልግሎት የማይሰጥ ዕቃ ለመለየት ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ በሥርዓቱ ይወገድ እንጂ አዲሱን ቢሮ አያጣብብ።

አዲሱ ቦታ ላይ የሚኖር ወይም የሚነግድ ሰው ካለ ምን መብት አለው?

ባለይዞታ ከሆነ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈለው ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይመለከተዋል፤ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1336 ስለተሻሻለ ሁለቱ አንድ ላይ መነበብ አለባቸው። ካሳ የሚከፈለው ከመነሣት በፊት ነው። ትእዛዙ ከደረሰው በኋላ ቅሬታ ያለው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል በጽሑፍ ማቅረብ አለበት፤ በዚያ ካልተስማማ ይግባኝ አለው። ቀኑን ማሳለፍ መብቱን ያሳጣል፣ ስለዚህ ትእዛዙ የደረሰበትን ቀን በቅጂው ላይ ያስፈርሙ። የግምት ቡድኑ ሲመጣ እያንዳንዱ ክፍል፣ አጥር፣ ጉድጓድና ዛፍ መቆጠሩን ራስዎ አብረው ዞረው ያረጋግጡ፣ ያልተቆጠረ ካለ ከመፈረምዎ በፊት ያስጽፉ።

የቀበሌ ቤት ተከራይ ባለይዞታ ስላልሆነ የሚጠይቀው ምትክ የኪራይ ቤት ነው። የኪራይ ውሉንና የመጨረሻዎቹን ደረሰኞች ከአሁኑ ያሰባስብ፤ የሚፈለገው የመጀመሪያ ማስረጃ እሱ ነው።

በአሮጌው ቢሮ ዙሪያ የሚሠሩ ነጋዴዎችና አሮጌው ሕንፃ ምን ይሆናሉ?

ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ጽሕፈት መሣሪያ ሻጭ፣ ሻይና ቡና አፍዪዋ ሁሉ የሚኖሩት በባለጉዳይ ነው። ከቦታቸው ስላልተነሡ ሕጉ ካሳ አይሰጣቸውም፤ ይህ ግን አስተዳደሩን ከኃላፊነት አያወጣውም። ከዝውውሩ ስድስት ወር ቀድሞ ቀኑ ይነገራቸው፣ በአዲሱ ቢሮ አጠገብ ለማመልከቻ ጸሐፊዎችና ለኮፒ ቤቶች በዕጣ የሚሰጥ ጥቂት ቦታ ይዘጋጅ። ባለጉዳዩም ይፈልጋቸዋል፤ ኮፒ ፍለጋ ሦስት መንገድ የሚሻገር ሰው ወረፋው ያልፈዋል።

አሮጌው ሕንፃ ቢያንስ ለስድስት ወር አንድ የመረጃ መስኮት ይኑረው። ዝውውሩን ያልሰማ ሰው ከሩቅ መጥቶ የተዘጋ በር ማግኘት የለበትም፤ አዲሱን ቦታ የሚያሳይ ካርታና የሚያስረዳ ሠራተኛ ይጠብቀው። ሕንፃው ለምን እንደሚውል ደግሞ ከዝውውሩ በፊት ተወስኖ ተረካቢው በጽሑፍ ይታወቅ፤ የመብራትና የውሃ ሒሳቡ ይዘጋ፣ ጥበቃው አይነሣ። ባለቤት የሌለው ሕንፃ አንድ የጅማ ክረምት ከበቃው በኋላ ለጥገናው የሚጠየቀው ገንዘብ ለዝውውሩ ከወጣው ጋር መፎካከር ይጀምራል።